የአቦከር ድስት ክዳን

ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር የተጣላሁት ሐረር ላይ ነው። ከዚያ በፊት አስተምራቸዋለሁ እንጂ ጠብ አልነበረንም። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ናቸው፤ ገብቼ አስተምራለሁ፣ ፈተና አወጣለሁ፣ አርማለሁ፣ በቃ። ከመጽሐፍ ወጥተው የሰው ግቢ ይገባሉ፣ የሰው ተዝካር ሊያበላሹ ይደርሳሉ ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓን ይገዙ የነበሩ ነገሥታትና በዙሪያቸው የነበሩ ነጋዴዎች፣ የአገር ሀብት ማለት ግምጃ ቤት የገባ ወርቅና ብር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ብዙ መሸጥ፣ ጥቂት መግዛት፣ ከውጭ የሚመጣውን ሸቀጥ በቀረጥ ማነቅ፣ ወርቅ ከአገር እንዳይወጣ በሩን መጠበቅ። የዓለም ሀብት ልኩ አንድ ነውና አንዱ የሚያገኘው ሌላው ሲያጣ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ጎረቤትህ ሲከሳ አንተ ወፈርክ ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ መርካንቲሊዝም ይባላል።

ሐረር ላይ ይህን ማስተማር አይከብድም። ተማሪዎቼ ዶላር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከሐረር ዙሪያ ገጠር ከድሬ ጠያራ የሚመጣው ተማሪዬ፣ አባቱ የሚያለሙት ጫት ድንበር ተሻግሮ የውጭ ምንዛሪ ሆኖ እንደሚመለስ ያውቃል፤ ሌላው ደግሞ የአጎቱ ጨርቅ ኬላ ላይ ለምን እንደሚወረስ ያውቃል። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ቲቸር እነዚህ ሰዎች እኮ ገና አልሞቱም አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ መምህርት ነኝ። ለአንድ ዓመት ብዬ ነበር፤ ዓመቱ እየተጎተተ ይኸው እዚሁ አለሁ። ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ይህንንም ቀድሜ ልናገር፣ በኋላ እንዳትታዘቡኝ። የምኖረው ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዮቼ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ጡረታ የወጡ ወታደር ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ሻምበል ይላቸዋል። ሚስታቸውን እኔ እትዬ እላቸው ነበር። ልጅ አልሰጣቸውም።

ሻምበል የእድራችን ዳኛ ናቸው። ጠንቃቃ፣ የሰው ሳንቲም የማይነኩ፣ ከአፋቸው ክፉ የማይወጣ ሰው ናቸው፤ ግን ነገር ሲጎድል አይወዱም። ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ በርሜሉ ሁሉ ጢም ሳይል እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የእድሩንም ጸሐፊነት ያሸከሙኝ እሳቸው ናቸው፤ የተማረ ሰው ይጻፍ ብለው። እምቢ ብል ደግሞ ኪራይ ይጨምሩብኛል ብዬ ፈራሁ፤ አይጨምሩም ነበር፣ ግን ፈራሁ።

እትዬ ሸዋ በር ገበያ በርበሬ ይሸጡ ነበር። ከጎናቸው አንዲት ግንቡ ውስጥ አቦከር ሰፈር የሚኖሩ ሙስሊም ሴት ቅመም ይሸጣሉ፤ እሳቸውን እማማ እላቸዋለሁ። ሁለቱ በአንድ ሸራ ጥላ ሥር ነው ያረጁት። እማማ ለሶላት ሲነሱ እትዬ የሁለቱንም መደብ ይጠብቃሉ፤ እትዬ ለኪዳነ ምሕረት ሲሄዱ እማማ የሁለቱንም ይሸጣሉ። አንድ ቀን እንኳ የኔ ነው የአንቺ ነው ሲባባሉ አልሰማሁም።

እማማ በሰፈራቸው የሴቶች አፎቻ ውስጥ የሚደመጡ ሰው ናቸው። አፎቻ ማለት ሐረሮች ለሠርግና ለለቅሶ የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው፤ እኛ እድር እንደምንለው። የእኛ እድር ሰፊ ድንኳን አለው፤ የእነሱ አፎቻ ትልልቅ ድስቶች አሉት። ድንኳናችን ለአቦከር ሠርግና ለቅሶ ይሄዳል፣ ድስቶቻቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። ሙስሊምና ክርስቲያን ሥጋ አብሮ አይበላም፤ የሚያርደው እጅም የሚቀቀልበት ድስትም ይለያያል። ስለዚህ ከእኛ ሰፈር ሰው ሲድር ወይም ተዝካር ሲያወጣ፣ ለሙስሊም እንግዶቹ በጉ በሙስሊም ይታረዳል፣ ድስቱ ከአቦከር ይመጣል፣ ከድስቱም ጋር ሴቶቹ ይመጡና በግቢው ጥግ የራሳቸውን ጉልቻ ጎልተው ይሠራሉ። ሁሉም በልቶ መርቆ ይሄዳል።

ታዲያ ድንኳኑ ከአቦከር በተመለሰ ቁጥር አንድ የብረት ካስማ እዚያው ይቀራል፤ የቀድሞው ሲመጣ ሌላው ይቀራል። ድስቶቹም ከእኛ ሲመለሱ አንድ ክዳን እትዬ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኔ ዝርክርክነት ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሻምበል ግን የሚተዉ ሰው አይደሉም። በየለቅሶው ድንኳን ሲተከል በጎደለው ካስማ ቦታ የእንጨት ችካል እየጠረቡ፣ እያጉረመረሙ የሚመቱት እሳቸው ነበሩ።

እትዬ የታመሙት በዚያው ሰሞን ነው። ልብ ነው አሏቸው። ገበያ መውጣት አቆሙ፤ እማማ ማታ ማታ ከገበያ ሲመለሱ አልፈው ይጠይቋቸዋል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የገበያውን ወሬ አንድ በአንድ ያወሩላቸዋል። እትዬ እንደማይድኑ ያውቁ ነበር፣ ለእኔም ደጋግመው ነግረውኛል። የሚያስጨንቃቸው ሞቱ አልነበረም። አርባቸው ነበር። ተዝካራቸው ሲወጣ እማማና የአቦከር ሴቶች ከቤታቸው በልተው ይውጡልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ ይሉ ነበር። እኔ ምኑ ያሳስባቸዋል እያልኩ እገረም ነበር፤ መቼም የማይቀር ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም ሻምበል መጥተው ተቀመጡ። ምን እንደማርም ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ መቆሚያ የለኝም፤ ነገሥታቱን፣ ወርቁን፣ ቀረጡን፣ የንግድ ሚዛኑን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው። ሻምበል መነጽራቸውን አውልቀው በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያም እነዚህ ሰዎች ብልሆች ናቸው አሉ። ቆይ አላለቀም ብዬ የስፔንን ነገር ነገርኳቸው። ስፔን ከአሜሪካ በመርከብ ያጋዘችው ብር ሲበዛ የዳቦው ዋጋ አብሮ እንደወጣ፣ ሰው መሥራት ትቶ መግዛት እንደጀመረ፣ ብሩም ሁሉን ነገር ወደሚሠሩላት አገሮች እየፈሰሰ እንዳለቀ ነገርኳቸው። ከነጋዴዎቹ መካከልም፣ ብሩ ከበር ካልወጣ ተባዝቶ አይመለስም ብለው የተሟገቱ እንደነበሩ ጨመርኩ። ይህን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እሳቸው የሚያስቡት ካስማውን ነበር።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሻምበል ተነሥተው አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ከእንግዲህ የእድሩ ንብረት ያለ ኪራይ ከአባል ውጭ አይሄድም። ከውጭም ዕቃ አንዋስም። የሚያስፈልገን ሁሉ ተገዝቶ በራሳችን ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ድንኳኑ አርጅቷል፣ ድሃ አባሎቻችን ለምን ያዋጣሉ፣ ሁልጊዜ የሚወጣው የእኛ ነው አሉ። ሐሳቡ ክፋት የለውም፤ ለእድሩ ተጨንቀው ነው። ግን ቀጠሉና፣ ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ በሳይንስ ያለ ነው፣ መምህርትም ታስተምረዋለች አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ አስተምረዋለሁ እንጂ አላምንበትም አልኩ። ሁሉም ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ የማታምኚበትን ለምን ታስተምሪያለሽ አሉኝ። ጎረቤት ይቀየመናል ብዬ ጮህኩ፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እጅ ወጣ፣ አለፈ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከድሬዳዋ አዳዲስ ድስቶች በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስረው መጡ። ሻምበል ግማሾቹን ለይተው ጆሯቸውን ቀይ ቀለም ቀቧቸው፤ እነዚህ ለሙስሊም እንግዶች ናቸው ብለው። ከዚያ ሁሉንም ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉ። እሑድ እሑድ አባላቱ እየመጡ ይጎበኟቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ያምራሉ። ተደርድረው ሲያበሩ እኔም ቆሜ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሒሳቡን ማጽዳት። ሻምበል ከእትዬ መደርደሪያ የአቦከሩን ክዳን አንሥተው በጋዜጣ ጠቀለሉት። እትዬ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ክዳኑን ተወው አሉ። ሻምበልም የሰው ንብረት ቤቴ ውስጥ አላኖርም ብለው ለባጃጅ ሰጥተው ወደ አቦከር ላኩት፣ በዚያውም የእድሩ ካስማ እንዲመለስ አሳሰቡ። ካስማው በዚያው ዕለት መጣ። ተወልውሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ሻምበል ደስ አላቸው። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲያለቅሱ ዋሉ። ለአንድ ክዳን እንዲህ መሆናቸው ገረመኝ፤ በሽታው ነው ብዬ ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ አቦከር ሰው ሞተና እንደ ድሮው ድንኳን ሊወስዱ መጡ። ሻምበል በትሕትና አዲሱን የኪራይ ደንብ ነገሯቸው። የተላከው ሰውዬ ኸይር ነው፣ ይሁን ብሎ ሄደ። አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። ከዚያ ወዲያ ግን ከአቦከር ድንኳን ሊጠይቅ የመጣ የለም። በመንገድ ሰላምታው እንዳለ ነው፣ እማማም እትዬን መጠየቅ አላቋረጡም። ሁለቱ ግን ስለዚህ ነገር እኔ ባለሁበት ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

እትዬ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሻምበልን አጠገባቸው ጠሯቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ትራሳቸውን እያስተካከልኩ።

«ሰው ሲሞት ይለቀሳል፣ ያ አያሳስበኝም» አሉ እትዬ። «እሷ ግን በአርባዬ ሳትበላ ከደጄ ከተመለሰች፣ አብረን የኖርነው ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው።»

«ድስቱ ሞልቷል፤ በጉን እኔ እገዛለሁ» አሉ ሻምበል እጃቸውን ይዘው። «ምን የሚቀር ነገር አለ?»

እትዬ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

አንድ ጠዋት አረፉ። የእድራችን ድንኳን በራሳችን ግቢ ተተከለ፤ ካስማዎቹ ሁሉ የብረት ነበሩ፣ አንድም አልጎደለም። እማማ ከቀብሩ ጀምሮ ከለቅሶው አልተለዩም። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ንፍሮውን ይቆነጥራሉ፣ ሻምበልን አብሽር ይሏቸዋል፣ እኔን ሲያዩኝ ያቅፉኛል። ንፍሮ ማንንም ከማንም አይለይም። ሥጋ ግን ይለያል፤ እኔም አርባው በቀረበ ቁጥር ቀኑን እቆጥር ጀመር። ሻምበልን ለእማማ ንገሯቸው እንጂ አልኳቸው። ምን ብዬ፣ ሁሉም ዝግጁ ነው፣ እሳቸው መጥተው መብላት ብቻ ነው አሉኝ። ተከራከርኳቸው። ኀዘንተኛ ላይ እየጮህኩ እንደሆነ ሲገባኝ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

የተዝካሩ ዋዜማ ላይ ሻምበል ለእኛ ሰው በሬ፣ ለሙስሊሞቹ ከድሬ ጠያራ ገበሬ ሁለት ሙክት በግ ገዙ። ገበሬው ራሱ ቢስሚላህ ብሎ አርዶ፣ ገፎ ሰቀላቸው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ሻምበልም ከጎረቤት ግቢ ሁለት ሙስሊም ሴቶች እንዲሠሩላቸው ለምነው አመጡ፤ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ቀይ ድስቶቹን አሳዩአቸው። ሴቶቹ ድስቶቹ ከሌሎቹ ጋር ተደራርበው መቀመጣቸውን አዩ። አንዷ እጇን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጋ ዳሰሰችና እነዚህ ተሠርቶባቸው ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። የእድራችን አንዲት ሴት፣ እግዜር ይስጣት፣ መዋሸት አልቻለችም፤ በቅርቡ ሠርግ ላይ ድስት አጥሮን ቀዮቹንም አውጥተን ነበር አለች። ድስት ያው ድስት ነው ብለን ነው እኮ። ሴቶቹ አልተቆጡም። አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሻምበል አንዱን ቀይ ድስት ደፍተው ላዩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ዘጋሁት። ስንት ንዴት አጠራቅሜ ነበር፤ አንዱም አልወጣልኝ። በጎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። ነገ እማማ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ዳቦና ሻይ ቀምሰው ይመለሳሉ። እትዬ የፈሩት ያው ሊደርስ ነው።

«መምህርት» አሉኝ ሻምበል ቀና ሳይሉ። «እነዚያ ነገሥታት እንዲህ ሲጨንቃቸው ምን ያደርጋሉ?»

«መርከብ ልከው ይዋጋሉ» አልኳቸው። ሌላ የማውቀው የለኝም።

«እኔ መርከብ የለኝም» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «አቦከር ውሰጂኝ።»

የእማማን ቤት አያውቁትም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሚስታቸው ሲመላለሱ እሳቸው አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። እኔ ከእትዬ ጋር ስለሄድኩ አውቀዋለሁ። በበሩ ገብተን፣ ጨርቅ ሰፊዎቹን አልፈን፣ በጠባቧ መንገድ ዳገቱን ወጣን። ሻምበል ሦስት ቦታ ላይ ቆመው ተነፈሱ። ምን እንደሚሉ እየተለማመዱ እንደሆነ ከከንፈራቸው ይታወቃል።

ግቢው ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ድስቶቹን ነው። በግድግዳው ሥር ታጥበው፣ ተደፍተው፣ በላያቸው ነጭ ጨርቅ ተነጥፎባቸው ተደርድረዋል። እማማ ወጥተው ተቀበሉን፣ ወደ ቤት አስገብተው ሻምበልን ከፍ ካለው መደብ ላይ አስቀመጧቸው። ሻምበል ስለ ድንኳን ኪራይ ጀመሩ፤ ደንቡ እንደሚሻር፣ ስብሰባ እንደሚጠራ። እማማ አላስጨረሷቸውም።

«ድስቱ ታጥቦ ነው የሰነበተው» አሏቸው። «ከቀበርናት ጀምሮ ጠሪ ስንጠብቅ ነበር።»

ሻምበል ታዲያ ለምን ዝም ብላችሁ አልመጣችሁም አሉ። እማማ ሳይጠሩት የሰው ቤት ድስት ይዞ እንደማይገባ ነገሯቸው። ትራስ ከጀርባቸው እያስደገፏቸውም፣

«ክዳኑን ስትልኩብን፣ ከእኛ ጋር ጨረሱ ብለን ነው» አሉ።

ከዚያ የክዳኑን ነገር አወሩልን። ሁለቱም ገና በወጣትነታቸው፣ በሆነ ሠርግ ማግስት፣ አንድ ክዳን በስሕተት እትዬ ቤት ይቀራል። እማማ ሊወስዱት ይሄዳሉ። እትዬ ተቀመጪ ይሏቸዋል፤ ሲጫወቱ ይመሻል፣ ክዳኑን ረስተውት ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ እትዬ ሆን ብለው አንድ ክዳን ያስቀራሉ። እማማም ይስቁና ድንኳኑ ከአቦከር ሲመለስ አንድ ካስማ ያስቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ድንኳኑ ካስማው እስኪመጣ፣ ድስቱም ክዳኑ እስኪመጣ ሙሉ አይሆንም፤ ስለዚህ አንዳቸው ወደ ሌላቸው መሄዳቸው አይቀርም። ለማንም አልነገሩም። እርስ በርሳቸውም ተነጋግረውበት አያውቁም።

ለእርስዎ ለባለቤታቸው እንኳ ለምን እንዳልነገሩዎት አልገባኝም አልኩ ወደ ሻምበል ዞሬ። መልስ የሰጡኝ እማማ ናቸው። ከተነገረማ ብድር ይሆናል አሉኝ።

ስንት ዓመት የንግድ ሚዛን አስተምሬአለሁ። እያንዳንዱ ንጉሥ ሚዛኑ ወደ እሱ እንዲያጋድል ሲታገል፣ ሊቃውንቱም ሚዛኑ ልክ ቢሆን ይሻላል አይሻልም እያሉ ሲከራከሩ ነው የምናነበው። ሚዛኑ መቼም እንዳይስተካከል ሁለት ሰው ተስማምቶ ይጠብቀዋል የሚል በየትኛውም ገጽ ላይ አላገኘሁም። ዛሬም ያንን ምዕራፍ ሳስተምር ግምጃ ቤት በሚለው ቃል ላይ ስደርስ የሚታየኝ የስፔን ብር አይደለም፤ የእድራችን ዕቃ ቤትና ቀይ ጆሮ ያላቸው ድስቶች ናቸው።

በመጨረሻ ሻምበል የጠየቁት ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

«እሷ አትመጡም ብላ ነው የሞተችው?»

እማማ ሊያጽናኗቸው ይችሉ ነበር። ኀዘንተኛ ፊት ትንሽ መዋሸት የሚከፋ ነገር አይደለም። እሳቸው ግን የእትዬ ጓደኛ ነበሩና አልዋሹም።

«ጠይቃኝ ነበር» አሉ። «ትመጪ ይሆን ወይ አለችኝ። ቤቱ ካልጠራኝ ድስት ይዤ ምን ብዬ እገባለሁ? ኢንሻአላህ አልኳት። ኢንሻአላህ ማለቴ አልበቃትም፣ ዓይኗ ላይ አየሁት።»

ሻምበል አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየሁም። እማማ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው አብረዋቸው አለቀሱ፣ እኔም የማንን እንባ ቀድሜ እንደማብስ ጠፋኝ። ቆይተው ሻምበል ተነሡ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ፤ በቤተ ክርስቲያን እንደሚቆሙት። ነገ የሚስቴ አርባ ነው፣ ድስታችሁን ይዛችሁ ኑልኝ ብለው ጠሯቸው። እማማም እንመጣለን አሉ። ያን ጊዜ ኢንሻአላህ የሚለውን አስቀድመው ሳይሆን አስከትለው ነው ያሉት፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ።

በማግሥቱ ገና በጠዋት መጡ። ድስቱ በባጃጅ፣ ሴቶቹ በእግራቸው። ከግቢው ጥግ፣ እትዬ በሕይወት ሳሉ በሚጎልቱበት ቦታ፣ ጉልቻቸውን ጎለቱ። በጎቹ ተቀቀሉ። የገበያው ሰው መጣ፣ የአቦከር ሰው መጣ፣ የእኛም ሰው መጣ። የእኛ ቄስ ጸሎት ካደረሱ በኋላ የእነሱ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እማማ በእትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሉ። ሻምበል ቆመው ሲበሉ ያዩአቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሻምበልን አያለሁ። የተፈራው አልደረሰም፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ይህን ለማየት ከሁሉም በላይ የሚገባቸው ሰው አልነበሩም።

ሲመሽ ሴቶቹ ድስቶቻቸውን አጥበው መሰብሰብ ጀመሩ። አንዷ ወጣት ድስቱን ከክዳኑ ጋር እያገጣጠመች ስታስቀምጥ አንዱ ክዳን ጠፋባት። ጉልቻው ሥር ፈለገች፣ ከእኛ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም መፈለግ ጀመርኩ።

«ተዪው» አሏት እማማ። «ቦታው ላይ ነው።»

የተሰበሰበውን ሳህን ይዤ ወደ እትዬ ማድ ቤት ገባሁ። ሻምበል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መደርደሪያው ፊት ቆመዋል። ክዳኑ ከድሮ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ይወለውሉታል፣ ምንም እድፍ አልነበረበትም። መግባቴን አልሰሙም።

«መልሼዋለሁ» አሉ።

የሚያናግሩት እኔን አልነበረም። ሳህኑን ደጃፉ ላይ ቀስ ብዬ አስቀምጬ ወጣሁ።